ዲስኩ ጠፋ ከማለታችን በፊት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

በመካከላችን ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና ኤሌክትሪካል ምህንድስና የሚማሩ ብዙ ናቸው። ከእነርሱም በኢንተርንሺፕ ወቅት ሰርቨር ክፍል የሚመደቡ ወይም የዲፓርትመንታቸውን ላብ ሰርቨር እንዲከታተሉ የሚታዘዙ አይጠፉም። የሰርቨር ይለፍ ቃል በእጃችን ሲገባ አማና ተቀብለናል ማለት ነው። በውስጡ ያለው የሌላ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሌላ ሰው የላብ ውጤት፣ የሌላ ሰው የዓመት ልፋት ነው። ይህን አማና ለመጠበቅ ከሚረዱ መሣሪያዎች አንዱን ዛሬ እንመለከታለን ኢንሻ አላህ።

ዲስኩ የት ነው ያለው?

በላፕቶፓችን ዲስኩ እዚያው ውስጥ ነው። ሰርቨር ላይ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደለም። ዲስኮቹ ስቶሬጅ በሚባል ሌላ ማሽን ውስጥ ይቀመጡና ሰርቨሩ በኔትወርክ ኬብል ይደርስባቸዋል። ለዚህ በሰፊው ከሚሠራባቸው ፕሮቶኮሎች አንዱ አይስካዚ ነው። ደረጃው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ፤ በ2014 ደግሞ ተሻሽሎ ታተመ። ሥራው ለዲስክ የሚላከውን ትዕዛዝ በቲሲፒ ጠቅልሎ በተራ ኔትወርክ ላይ ማጓጓዝ ነው።

ዲስክ የሚጠይቀው ሰርቨር ኢኒሼተር ይባላል፤ የሚሰጠው ስቶሬጅ ደግሞ ታርጌት። ታርጌቱ አብዛኛውን ጊዜ በፖርት 3260 ላይ ይጠብቃል። ለሰርቨሩ የሚሰጠው እያንዳንዱ ዲስክ ለን የሚባል ቁጥር አለው። ግንኙነቱ ከተፈጠረ በኋላ ሊኑክስ ዲስኩን ኤስዲቢ ወይም ኤስዲሲ ብሎ ይሰይመዋል፤ ልክ ከማሽኑ ውስጥ እንዳለ ዲስክ።

ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ኬብል ሲነቀል ወይም ስዊች ሲጠፋ ተጠቃሚው የሚያየው የማይከፈት ፎልደር ነው። «ዲስኩ ተቃጠለ» የሚል ወሬ ወዲያው ይነሳል። ዲስኩ ግን ከነመረጃው በቦታው ነው፤ የተቆረጠው መንገዱ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ የሚወሰድ እርምጃ የዳነውን መረጃ ሊያጠፋ ይችላል።

እንዴት እንጠይቅ?

በሊኑክስ ላይ ይህን የምንጠይቅበት የተርሚናል ትዕዛዝ አይስካዚአድም ይባላል። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈው «አይ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኤስ፣ አይ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤም» ተብሎ ያለ ክፍተት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የአስተዳዳሪ መብት ስለሚጠይቅ ከፊቱ ሱዶ ይቀድማል። እዚህ ትዕዛዞቹን እንደምንጠራቸው እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «አይስካዚአድም ዳሽ ኤም ሴሽን» ነው። ትርጉሙ «አሁን ያሉትን ግንኙነቶች አሳየኝ» ነው። ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ መስመር ይመልሳል፦ በመጀመሪያ ቲሲፒ የሚል ቃል፣ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የሴሽኑ ቁጥር፣ ቀጥሎ የታርጌቱ አይፒ አድራሻና ፖርት፣ ከዚያ የታርጌቱ ረጅም ስም። ስሙ አብዛኛውን ጊዜ በአይኪውኤን ይጀምርና ዓመተ ምህረትና ወር፣ ከዚያም የተገለበጠ የድርጅት ዶሜይን ይከተላል። ምንም ግንኙነት ከሌለ ንቁ ሴሽን የለም ይለናል። ይህ መልስ ስለ ዲስኩ ጤንነት የሚናገረው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። መስመሩ ስለታየ ብቻ ግንኙነቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። ኬብሉ ተነቅሎም ሴሽኑ በዝርዝሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። ሁኔታውን ለማወቅ በዚያው ትዕዛዝ ላይ «ዳሽ ትልቁ ፒ 1» እንጨምራለን። መልሱ «ሎግድ ኢን» ከሆነ ግንኙነቱ እየሠራ ነው። «ትራንስፖርት ዌይት» ወይም «ፌይልድ» ካለ ግን መንገዱ ተቋርጦ ሰርቨሩ መልሶ ለመገናኘት እየሞከረ ነው። ቁጥሩን ወደ 2 ስናሳድገው የጊዜ ገደቦችን ይጨምርልናል፤ 3 ስናደርገው ደግሞ የትኛው ዲስክ በየትኛው ሴሽን እንደመጣ ከነለን ቁጥሩ ይዘረዝራል።

የተመዘገበና የተገናኘ

ሁለተኛው ጥያቄ «አይስካዚአድም ዳሽ ኤም ኖድ» ነው። ይህ የሚያሳየው ሰርቨሩ የሚያውቃቸውን ታርጌቶች መዝገብ ነው፤ አሁን የተገናኙትን ብቻ አይደለም። የስልክ ቁጥር መያዝና ስልክ ላይ ማውራት እንደሚለያዩ ሁሉ እነዚህም ይለያያሉ። ታርጌቱ በኖድ ዝርዝር ላይ ኖሮ በሴሽን ዝርዝር ላይ ከሌለ ሰርቨሩ ያውቀዋል፤ ግን ግንኙነት የለውም። በሁለቱም ላይ ከሌለ መዝገቡ ተሰርዟል ወይም ከመጀመሪያውም አልተመዘገበም። መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ ሁለቱንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ፦ በኖድ ትዕዛዝ መጨረሻ ላይ «ዳሽ ዩ» መጨመር ከግንኙነት መውጣት ነው። የታርጌት ስም ካልተጠቀሰ ከሁሉም ታርጌቶች ያስወጣል። ጥያቄና ትዕዛዝ በአንድ ፊደል እንደሚለያዩ ልብ ይሏል።

ሁለት ስም ያለው አንድ ዲስክ

ብዙ ተቋማት ሰርቨሩን ከስቶሬጁ ጋር በሁለት መንገድ ያገናኛሉ፤ አንዱ ቢቆረጥ ሌላው እንዲሠራ። ያኔ ሁለት ሴሽን ይኖራል፤ ሊኑክስም አንዱን ዲስክ ሁለት ጊዜ ያየዋል፦ አንዴ ኤስዲቢ፣ አንዴ ኤስዲሲ ብሎ። ሁለቱን አንድ የሚያደርገው መልቲፓዝ የሚባል አገልግሎት ካልተዋቀረ ኤስዲቢ ሥራ ላይ ያለ፣ ኤስዲሲ ግን ማንም ያልያዘው ትርፍ ዲስክ ይመስላል። «ባዶ ዲስክ አገኘሁ» ብሎ ኤስዲሲን ፎርማት የሚያደርግ ሰው ኤስዲቢ ላይ ያለውን የሰው ሥራ አጠፋ ማለት ነው።

«ዳሽ ትልቁ ፒ 3» ይህን ቀድሞ ይነግረዋል። የታርጌቱ ስምና የለን ቁጥሩ በሁለቱም ሴሽን ላይ አንድ ከሆነ ዲስኩ አንድ ነው። አንዳንድ ስቶሬጆች ለየመንገዱ የተለያየ የታርጌት ስም ስለሚሰጡ፣ ለማረጋገጥ ደብሊው ደብሊው ኤን የሚባለውን የዲስኩን ቋሚ መለያ ማወዳደር ይገባል።

የ120 ሰከንድ ሰብር

ግንኙነት ሲቋረጥ ጊዜም ይቆጠራል። በተለመደው አወቃቀር ሰርቨሩ በየ5 ሰከንዱ ታርጌቱን «አለህ?» ይለዋል፤ በ5 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካጣ ግንኙነቱ እንደተቋረጠ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ለ120 ሰከንድ ወደ ዲስኩ የሚጻፈውን በወረፋ ይዞ መልሶ ለመገናኘት ይሞክራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ኬብሉ ቢመለስ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። ካልተመለሰ ስህተቱ ወደ ፕሮግራሞቹ ያልፋል፤ ፋይል ሲስተሙም ብዙ ጊዜ ራሱን ለንባብ ብቻ ያደርጋል። ስለዚህ የቆመ ስክሪን አይቶ ወዲያው የኃይል ቁልፍ መጫን፣ ሊመለስ የነበረውንና ገና ያልተጻፈውን ሥራ መጣል ሊሆን ይችላል።

መሣሪያው የማያየው

አይስካዚአድም የሚመሰክረው ስለ ራሱ ሰርቨር ብቻ ነው። ሌላ ሰርቨር በዚያው ለን ላይ መግባቱን አይነግረንም። እንደ ኢኤክስቲ 4 እና ኤክስኤፍኤስ ያሉ ፋይል ሲስተሞች ደግሞ ለአንድ ሰርቨር የተሠሩ ናቸው፤ ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ቢጽፉባቸው አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ ያበላሻል። ስለዚህ አዲስ ሰርቨር ከነባር ዲስክ ጋር ከማገናኘታችን በፊት የስቶሬጁን ኃላፊ መጠየቅ ግድ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው በስቶሬጁ በኩል ነው።

በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አያ የተማርነው ማጣራት፣ ማለትም ተበዩን፣ የመጣው ሰዎች ስለሚያመጡት ወሬ ነው። አደቡ ግን በሥራችንም ይጠቅመናል፤ ሳይጣራ የተወሰደ እርምጃ ጉዳቱ የሚያርፈው ባልበደሉ ሰዎች ላይ ነውና። ሰርቨር ፊት ስንቀመጥ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ የተመዘገበውን እንጠይቅ፣ የተገናኘውን እንጠይቅ፣ የግንኙነቱን ሁኔታ እንይ፣ የትኛው ዲስክ ከየትኛው ሴሽን እንደመጣ እንለይ፣ ያገኘነውን ጽፈን እናስቀምጥ፣ ከእኛ በላይ ኃላፊነት ላለው እናሳውቅ። እጃችን ወደ ማስተካከል የሚሄደው ከዚህ በኋላ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) የተሰጠንን አማና ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።