አጥንት አልባ ተርኪን በኤር ፍራየር ማብሰል

አጥንት አልባ ተርኪን በኤር ፍራየር ማብሰል፣ አጥንቱ የወጣለትን የተርኪ ደረት ወይም ጭን ማራገቢያ በሚያዞረው ትኩስ አየር የመጥበስ ዘዴ ነው። ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሥጋ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት አካባቢ ይፈጅበታል። ዘዴው በሰሜን አሜሪካ በስፋት ይሠራበታል። በኢትዮጵያ ተርኪ እንደ ዶሮ የተለመደ ባይሆንም፣ ተመሳሳይ አሠራር አጥንት ለሌለው የዶሮ ሥጋም ያገለግላል። የሥጋው መብሰል የሚረጋገጠው በሰዓት ወይም በቀለም ሳይሆን በመሐሉ ሙቀት ሲሆን፣ መለኪያው 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ይህ በተለይ እንደ መቀሌ ባሉ ደጋማ ከተሞች አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም በባሕር ወለል አቅራቢያ ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፉ የምግብ አሠራሮች በነዚህ ቦታዎች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም።

ስያሜ እና አመጣጥ

ተርኪ መነሻው ሰሜን አሜሪካ የሆነ ትልቅ ወፍ ነው። በዛሬዋ ሜክሲኮ ከ2,000 ዓመታት በፊት ጀምሮ ለማዳ ሆኖ ይረባ ነበር፤ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ስፔናውያን ወደ አውሮፓ ወሰዱት። ስሙ በየአገሩ ከሌላ አገር ጋር ይያያዛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በቱርክ አገር ስም ሲጠሩት፣ ቱርኮች ራሳቸው «ሂንዲ» ማለትም የሕንድ፣ ፖርቱጋሎች «ፔሩ»፣ ዐረቦች ደግሞ «ዲክ ሩሚ» ማለትም የሮም አውራ ዶሮ ይሉታል። በአማርኛ ተርኪ የሚለው ስም ከእንግሊዝኛው የተወሰደ ነው።

ዶሮ ግን በኢትዮጵያ፣ በተለይም በትግራይ፣ እጅግ የቆየ ታሪክ አለው። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር ከተባለ የቅድመ አክሱም ሥፍራ በቁፋሮ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከ2,500 ዓመታት በላይ ዕድሜ ያላቸው ሲሆን፣ በአፍሪካ ከተገኙት ጥንታዊ የዶሮ ማስረጃዎች መካከል ይቆጠራሉ።

የመሣሪያው አሠራር

ኤር ፍራየር በሆላንዳዊው ፍሬድ ቫን ደር ቬይ የፈጠራ ሥራ ላይ ተመሥርቶ በፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ ቀረበ። ስሙ መጥበሻ ይሁን እንጂ በአሠራሩ ትንሽ ምድጃ ነው። ከላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ፣ ከሽቦው በላይ ማራገቢያ፣ ከታች ደግሞ ቀዳዳ ያለው ቅርጫት አለው። ማራገቢያው ትኩሱን አየር በሥጋው ዙሪያ በፍጥነት ስለሚያዞረው፣ በሥጋው ገጽ ላይ ያለው እርጥበት ቶሎ ይተናል፤ ገጹም ይደርቅና ይቀላል።

ሥጋ የሚቀላውና የጥብስ ሽታ የሚያወጣው ፕሮቲንና ስኳር በሙቀት ሲዋሐዱ ነው። ይህ ለውጥ ሜያር ሪአክሽን ይባላል፤ በደንብ የሚፋጠነው ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው። እርጥብ ገጽ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ከውሃ መፍያ ሙቀት ብዙም ስለማያልፍ፣ ሥጋው ከመግባቱ በፊት በንጹሕ ወረቀት ፎጣ ይደረቃል።

የሥጋው ዓይነት

አጥንት አልባ ተርኪ በሁለት መልክ ይገኛል። የመጀመሪያው ከወፉ እንዳለ የተነሣ አንድ ወጥ የደረት ሥጋ ነው። ሁለተኛው ነጭና ጠቆር ያሉ ቁርጥራጮች ተጠቅልለው በመረብ የታሰሩበት ጥቅል ነው። ልዩነቱ ከደህንነት አንጻር ይታያል። በአንድ ወጥ ሥጋ ላይ ጀርሞች በአብዛኛው የሚገኙት በውጪው ገጽ ሲሆን፣ በጥቅሉ ግን አንድ ጊዜ ውጪ የነበረው ገጽ ወደ መሐል ገብቷል። ስለዚህ የጥቅሉ መሐል በሚገባ መብሰል አለበት። የመረቡ ክር ለምድጃ ተብሎ የተሠራ ከሆነ ሥጋው እስኪበስል አይፈታም፤ የፕላስቲክ መጠቅለያው ግን አስቀድሞ ይወጣል።

ብዙ የታሸጉ ምርቶች በፋብሪካ የጨው ውሃ የተወጋባቸው ናቸው፤ ይህም በማሸጊያው ላይ ይጻፋል። እነዚህ ተጨማሪ ጨው አያስፈልጋቸውም። ጨው ያልገባበት ሥጋ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ግራም ጨው ተቀብቶ በማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያድር፣ ጨው ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ሥጋውም ሲበስል ውሃውን ይዞ ይቆያል።

ማቅለጥ እና ማጠብ

የበረደው ሥጋ በማቀዝቀዣው የታችኛ ክፍል ይቀልጣል፤ 1.5 ኪሎ የሚሆን ጥቅል ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይወስድበታል። ለሚቸኩል ሰው ሥጋውን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርጎ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ ይቻላል፤ ውሃው በየ30 ደቂቃው ይለወጣል። በጠረጴዛ ላይ አሳድሮ ማቅለጥ አይመከርም፤ መሐሉ በረዶ እንደሆነ ውጪው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው፣ ባክቴሪያ በፍጥነት በሚራባበት ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት ይቆያልና።

በኢትዮጵያ ወጥ ቤት ዶሮ በዐሥራ ሁለት ብልት ተገንጥሎ በጨውና በሎሚ ደጋግሞ ይታጠባል። ይህ ባህል ላባ፣ ደምና ሽታን ለማስወገድ የሚጠቅም ሲሆን፣ ቤት ውስጥ ከታረደ ዶሮ ጋር የተያያዘ ነው። በፋብሪካ ተጸድቶ የታሸገ ተርኪ ግን ይህን ማጠብ አያሻውም። ሎሚም ሆነ ውሃ ሳልሞኔላንና ካምፒሎባክተርን ከሥጋው ላይ አያጠፋም፤ ከቧንቧ በኃይል የሚወርድ ውሃ ደግሞ ጀርሞቹን በአቅራቢያው ባለ ሰላጣና ዕቃ ላይ ይረጫል። ማጠብን መተው የማይፈልጉ ሰዎች ዝግ ባለ ጎድጓዳ ሳፋ ውስጥ አጥበው፣ ሳፋውን፣ ማጠቢያውንና እጃቸውን ወዲያው በሳሙና ቢያጸዱ አደጋው ይቀንሳል። ሎሚው ለጣዕም ሲባል ሥጋውን ለመቀባት ይችላል።

የአበሳሰል ቅደም ተከተል

1. ሥጋው ሙሉ በሙሉ መቅለጡ ይረጋገጣል፤ ከዚያም ገጹ ይደረቃል።
2. ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ በስሱ ይቀባል፤ ጨውና ቅመም ይነሰነሳል።
3. ኤር ፍራየሩ በ175 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ ያህል ባዶውን ይሞቃል።
4. ሥጋው በቅርጫቱ መሐል ይቀመጣል። በዙሪያው አየር የሚያልፍበት ክፍተት መኖር አለበት፤ ማሞቂያ ሽቦውን እስከ መንካት የደረሰ ትልቅ ሥጋ ይቆረጣል።
5. ከ25 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይገለበጣል።
6. ከ40 ደቂቃ ጀምሮ በየጥቂት ደቂቃው የመሐሉ ሙቀት ይለካል። 74 ዲግሪ ሲደርስ ይወጣል።
7. ከመቆረጡ በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያርፋል። በዚህ ጊዜ ጭማቂው በሥጋው ውስጥ ይረጋል፤ በሚቆረጥበት ጊዜ ትንሽ ብቻ ይፈስሳል።

አጥንት የሌለው የዶሮ ደረት ቀጭን ስለሆነ በ190 ዲግሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሊበቃው ይችላል፤ የመጨረሻው መለኪያ ግን ያው 74 ዲግሪ ነው።

የሙቀት መለኪያ

የዶሮና የተርኪ ሥጋ ቀለም አሳሳች ነው። በሚገባ የበሰለ ሥጋ አንዳንዴ ሮዝ ሆኖ ይቀራል፤ ያልበሰለም ነጭ ሊመስል ይችላል። የሚወጣው ፈሳሽ መጥራቱም አስተማማኝ ምልክት አይደለም። በ74 ዲግሪ ሳልሞኔላ ወዲያው ስለሚሞት፣ ሹል የምግብ ቴርሞሜትር በሥጋው ወፍራም ክፍል እስከ መሐል ይሰካል። በጥቅል ሥጋ ላይ ከሁለትና ከሦስት ቦታ መለካት ይሻላል።

በሌላ በኩል ከ74 ዲግሪ እጅግ ያለፈ የደረት ሥጋ ይደርቃል፤ ስብ ስለሌለው ከ80 ዲግሪ በላይ ጭማቂው በአብዛኛው ይወጣል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ከበሽታ ብቻ ሳይሆን ከደረቅ ሥጋም ይጠብቃል።

በከፍታ ቦታ ማብሰል

ዓይናለም በመቀሌ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኝ አካባቢ ሲሆን፣ ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ በሚያቀርቡት ጥልቅ ጉድጓዶቹ ይታወቃል። የአካባቢው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ገደማ ያነሰ ስለሆነ፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ከ92 እስከ 93 ዲግሪ ነው።

ይህ ለቴርሞሜትር ተጠቃሚ አንድ ወጥመድ አለው። የብዙ መሣሪያዎች መመሪያ ቴርሞሜትሩን በሚፈላ ውሃ ነክሮ 100 ማሳየቱን ማረጋገጥ ያዛል። በዓይናለም ትክክለኛ ቴርሞሜትር 93 ገደማ ያሳያል፤ ይህም ብልሽት አይደለም። ተጠቃሚው መሣሪያው ተሳስቷል ብሎ 100 እንዲያሳይ ቢያስተካክለው፣ ከዚያ በኋላ ሁሉንም ንባብ በ7 ዲግሪ ያህል ያበዛዋል። ያኔ መለኪያው 74 ሲል ሥጋው ገና 67 ዲግሪ ነው። በከፍታ ቦታ የተሻለው መፈተኛ ውሃ የተጨመረበት የተፈጨ በረዶ ነው፤ በረዶና ውሃ ተቀላቅለው በየትኛውም ከፍታ 0 ዲግሪ ያሳያሉ።

ዝቅተኛው የመፍያ ሙቀት በወጥና በቅቅል ላይ በግልጽ ይታያል፤ በደጋ ድስት ውስጥ ያለ ሥጋ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በምድጃና በኤር ፍራየር ግን የአየሩ ሙቀት በቴርሞስታት ስለሚወሰን ልዩነቱ ያንሳል። የተዘጋጀውን ሙቀት መጨመር አያስፈልግም። ሆኖም ሳሳ ያለው አየር የሚሸከመው ሙቀት አነስ ይላል፤ ውሃውም ከሥጋው ቶሎ ይተናል። ስለዚህ በአንዳንድ መሣሪያ ጊዜው ጥቂት ሊረዝም፣ ገጹም ቶሎ ሊደርቅ ይችላል። ሥጋውን በቅባት መቀባት ይህን ይከላከላል።

ቅመም

በርበሬ በደረቁ ተነስንሶ ለአንድ ሰዓት ትኩስ አየር ካገኘው ያርራል፤ ይመራልም። ይህን ለመከላከል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በርበሬን በንጥር ቅቤ ወይም በዘይት ለውሶ መቀባት ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ብቻ ጠብሶ፣ አዋዜን ወይም በትግራይ ድልኽ የሚባለውን የተለወሰ በርበሬ በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች መቀባት ነው። ሚጥሚጣ ከተቆረጠ በኋላ ይነሰነሳል። በቀላል ማራገቢያ የሚነሣ ዱቄት ወደ ማሞቂያው ሽቦ በርሮ ጭስ ስለሚፈጥርም፣ የተለወሰ ቅመም ይመረጣል።

የኤሌክትሪክ ፍጆታ

አብዛኞቹ ኤር ፍራየሮች ከ1,400 እስከ 1,700 ዋት ይጠቀማሉ። 1,500 ዋት የሆነው መሣሪያ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ ቢበዛ 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ቴርሞስታቱ ሽቦውን እያቋረጠ ስለሚያበራ እውነተኛው ፍጆታ ከዚህ ያነሰ ነው። የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚፈልግ፣ ሁለቱን በአንድ መስመር በአንድ ጊዜ ማብራት ቆጣሪውን ወይም ፊውዙን ሊያስቆርጥ ይችላል።

ከአሜሪካ በስጦታ የሚመጡ መሣሪያዎች ለ120 ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት ነው። የሶኬት ቅርጽ የሚለውጥ መሰኪያ ቮልቴጁን አይለውጥም፤ መሣሪያው በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ለ1,500 ዋት መሣሪያ ቢያንስ 2,000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

የኃይል መቋረጥ በበረደው ሥጋ ላይም ተጽዕኖ አለው። በትግራይ በ2013 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነት ኤሌክትሪክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ፣ መቀሌ ከብሔራዊው የኃይል ቋት ጋር ዳግም የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነበር። በአጭር መቋረጥ ጊዜ ያልተከፈተ ማቀዝቀዣ ምግብን ለ4 ሰዓት ያህል፣ ሙሉ የሆነ ማበረዶ ለ48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላው ለ24 ሰዓት ያህል ያቆያል። ከቀለጠ በኋላ ከ5 ዲግሪ በላይ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋ ይጣላል፤ ጥሩ ሽታ መኖሩ ደህንነቱን አያረጋግጥም።

ጾም እና በዓል

በአሜሪካ ተርኪ በዋናነት የሚቀርበው በምስጋና ቀን፣ ማለትም በኖቬምበር ወር አራተኛ ሐሙስ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ቀን ይጀምራል። ስለዚህ ቀኑ በአብዛኞቹ ዓመታት በጾሙ ውስጥ ይውላል። በ2016 ዓ.ም. የምስጋና ቀን ኅዳር 13፣ ከጾሙ ሁለት ቀን አስቀድሞ ዋለ፤ በ2017 ዓ.ም. ግን ኅዳር 19፣ በጾሙ ውስጥ ነበር። በዚህ ምክንያት የሚጾሙ ቤተሰቦች በምስጋና ቀን የሚሸጠውን ሥጋ በበረዶ አቆይተው ለገና ሊያበስሉት ይችላሉ። ለሙስሊሞች ደግሞ ሥጋው በሐላል መንገድ መታረዱ አስፈላጊ ነው፤ ይህም በማሸጊያው ላይ ይታያል።

የተረፈ ሥጋ

የተረፈው ከሁለት ሰዓት ሳይበልጥ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል። ዳግም ሲሞቅም እስከ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። በቀጭኑ ተቆርጦ በተዘጋጀ ቁሌት ውስጥ ሊጨመር፣ ከእንቁላል ጋርም እንደ ዶሮ ወጥ ሊቀርብ ይችላል። ሥጋው አስቀድሞ ስለበሰለ፣ ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ መጨረሻ ላይ ገብቶ እስኪሞቅ ብቻ ይቆያል፤ ብዙ ከፈላ ይበጣጠሳል።