ሕመም የሚመዘንበት ኬላ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሐረጎን የሚወጣ መንገደኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ጋቢውን ይደርባል። ብርዱ ወደ አንጎሉ የደረሰው የእሳትና የእሾህ መልእክት በሚያልፍበት በዚያው መንገድ ነው፤ በአከርካሪው ውስጥ በተዘረጋው ሕብለ ሰረሰር። ብዙ ሰው ይህን አካል የተላከውን እንዳለ እንደሚያደርስ የስልክ ሽቦ ያስበዋል። ስለዚህም የሕመሙ ልክ የቁስሉ ልክ ነው፣ ያላመመውም ደኅና ነው ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ድምዳሜዎች ሰው ይጎዳሉ። ሕብለ ሰረሰር ከሽቦ ይልቅ ኬላን ይመስላል፤ የመጣውን ይመዝናል፣ አንዳንዱን ያግዳል፣ አንዳንዱን አጉልቶ ያሳልፋል።

ነገሩ ከቆዳ ይጀምራል። በነርቭ ጫፎች ላይ ሙቀትን የሚለዩ ፕሮቲኖች አሉ። ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ያገኙት አንዱ ፕሮቲን ሙቀቱ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ ይከፈታል፤ ሚጥሚጣን የሚያፋጀው ንጥረ ነገርም ይከፍተዋል። ሚጥሚጣ «አቃጠለኝ» የምንለው ነርቩ በእርግጥ የእሳት መልእክት ስለሚልክ ነው። መልእክቱ በቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይጓዛል፤ ፈጣኞቹ በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር፣ ዘገምተኞቹ ከ2 ሜትር በታች። እንቅፋት የመታው ሰው መጀመሪያ ስል ሕመም፣ ቆየት ብሎ ጥዝጣዜ የሚሰማው ለዚህ ነው። ክሮቹ ከሕብለ ሰረሰር የኋላ ክፍል ሲደርሱ ኬሚካል ያፈሳሉ፤ የተቀበለው ሕዋስ መልእክቱን ወደ ተቃራኒው ጎን አሻግሮ ወደ አንጎል ሽቅብ ይልከዋል። ለስላሳ ንክኪ ግን በገባበት ጎን ይወጣል። ሕብለ ሰረሰሩ በአንድ ወገን ብቻ የተቆረጠ ሰው በአንዱ እግሩ ንክኪን፣ በሌላው ሕመምንና ሙቀትን የሚያጣው መንገዶቹ ስለሚለያዩ ነው።

የኬላው ሥራ የሚከናወነው በዚህ መቀባበያ ላይ ነው። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳቀረቡት ሐሳብ፣ የተመታ ጉልበታችንን ስናሸው የንክኪ ክሮች በመቀባበያው ያሉትን አጋች ሕዋሳት ያነቃቃሉ፤ ሕመሙም ይለዝባል። ከአንጎል ቁልቁል የሚወርድ ትእዛዝም እንዲሁ ያደርጋል። የሐሳቡ ዝርዝር ከዚያ ወዲህ ብዙ ታርሟል፤ መልእክቱ እዚያው እንደሚመዘን ግን አላጠራጠረም። ክሊፎርድ ዎልፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 በአይጦች ላይ እንዳሳየው፣ ጉዳት የሕብለ ሰረሰርን ሕዋሳት በትንሹ የሚቆጡ ሊያደርጋቸው ይችላል። «እንግዲያው ሕመም የሐሳብ ነገር ነው» የሚል ቢኖር መልሱ ተቃራኒው ነው። ማገዱም ማጉላቱም የሕዋስ ሥራ ነው። ስለዚህ ቁስሉ ሽሮ ሕመሙ ያልለቀቀውን ሰው ያስመስላል ማለት ግፍ ነው፤ ሕክምና የሚሻ ለውጥ በውስጡ ሊኖር ይችላልና።

«ኬላው ጭራሹን ቢዘጋ አይሻልም?» ለሚለው መልሱ ከደሴ ሩቅ አይደለም። የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ በሽታ የሚጎዳው ሕብለ ሰረሰርን ሳይሆን በቆዳና በእጅ እግር ያሉትን ነርቮች ነው፤ ኬላው ደኅና ሆኖ መልእክተኛው ይቀራል። ውጤቱ ግን ዝምታው ምን እንደሚያስከፍል ያሳያል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ሙቀትን መለየት ነው። ትኩስ ድስት ያነሣ እጅ ሳይሰማው ይቃጠላል፤ ጠጠር የቆረጠው እግር ሳያነክስ ይሄዳል፤ ቁስሉም እየጠለቀ ጣት ያሳጣል። መድኃኒቱ በ6 ወይም በ12 ወር ባክቴሪያውን ያጠፋል፤ የሞተ ነርቭ ግን ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ ቆዳ ላይ የወጣ፣ ሲነኩት የደነዘዘ ምልክት ያየ ሰው እስኪያመው መጠበቅ የለበትም። ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬደው አለማመሙ ራሱ ነው።