እንዴት ይሠራል? የጥብስ ቤቱ የጋዝ ግሪል

ሮቤና ጎባ ጥብስ ቤቶች ውስጥ የሚነደው ትልቁ የጋዝ ግሪልና ቤታችሁ ያለው የቡታጋዝ ምድጃ ውስጣቸው አንድ ነው። ምድጃው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ጎንበስ ብላችሁ ከማዞሪያው ጀርባ ተመልከቱ።

ጋዙ የሚወጣባት ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ታክላለች። ከፊቷ አፉ ሰፋ ያለ ቱቦ አለ፤ አየር የሚገባበት መስኮትም ተትቶለታል። ጋዙ ከቀዳዳዋ በኃይል ሲወጣ ዙሪያውን ያለውን አየር ይዞ ይገባል፤ በመኸር ጊዜ አስፋልቱን ይዞ የሚበር አይሱዙ የመንገድ ዳር ገለባ እየጎተተ እንደሚሄደው ማለት ነው። ሞተር የለም፣ ማራገቢያ የለም። ጋዙ ራሱ የሚነድበትን አየር ይስባል።

የሚስበውም ትንሽ አይደለም። አንድ እጅ ፕሮፔን በደንብ ለመንደድ 24 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ቡቴን ደግሞ 31 እጅ። ሲሊንደራችሁ ውስጥ ያሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አየሩ ሲበቃ ነበልባሉ ሰማያዊ ይሆናል። ሲያንስ ቢጫ ይሆንና ድስቱን ጥላሸት ያለብሳል፤ ሽታም መልክም የሌለው መርዘኛ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይወጣል።

ባሌ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ ጎባ ከዚያም ትበልጣለች። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ወደ ሶፍ ዑመር በሚወስደው መንገድ ያለችው ጎሮ ዝቅ ትላለች፤ ስለዚህ ጎሮ ላይ ሰማያዊ የነበረ ነበልባል ሮቤ ሲመጣ ጫፉ ቢጫ ሊሆን ይችላል።

አየሩ መሳሳቱን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከጎባ ወደ ደሎ መና ስትሄዱ ሳነቴ አምባ ላይ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ክፈቱና መልሳችሁ አጥብቃችሁ ዝጉት። የሐረናን ጫካ አልፋችሁ ስትወርዱ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። የጨመቀው የቆላው አየር ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። አብዛኛው ምድጃ የአየር መስኮቱ ላይ የሚዞር ቆርቆሮ አለው። ምድጃው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ በጥቂቱ ከፈት አድርጉና እንደገና ለኩሱት። ቢጫው ከጠፋ በቂ ነው። ነበልባሉ እየጮኸ ከበርነሩ ከተነሳ ግን አየሩ በዝቷል፤ መለስ አድርጉት።

አሁን ወደሚያሰጋው ነገር እንምጣ። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈተልክ ወደ ጣሪያ አይወጣም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። የእኛ ቡና ደግሞ የሚፈላው የት ነው? ወለል ላይ፣ በከሰል። ብርዱ ሲበረታ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ሲሊንደሩ ጥግ ይቆማል፣ ከሰሉ ከአጠገቡ ይቀጣጠላል። ይህን አደራረግ ዛሬውኑ ቀይሩት። ከሰሉ ከሲሊንደሩ ይራቅ፤ በሩም ከሥር አየር ያስገባ። አየር ውስጥ ከ100 እጅ 2 እጅ ያህል ጋዝ ከገባ ለመፈንዳት ይበቃል።

ጋዙ በተፈጥሮው አይሸትም፤ የሚከረፋው ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት እንድንነቃ ነው። ሽታው ከመጣ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በሩን ክፈቱ፣ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፤ የማብሪያ ማጥፊያው ብልጭታም እሳት ነው።

ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር የዱቄት ሳሙና በውኃ በጥብጡና በስፖንጅ ሬጉሌተሩንና የጎማውን ሁለት ጫፎች ቀቡ። ከዚያ የምድጃው ማዞሪያዎች እንደተዘጉ ሲሊንደሩን ክፈቱ። አረፋ እያበጠ ከመጣ እዚያ ቀዳዳ አለ። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት።

ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ ይቀመጥ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ነው፤ ጋዙ ከላይ ነው የሚሰበሰበው። ካጋደማችሁት ፈሳሹ ወደ ጎማው ይገባል፤ ፈሳሹ ደግሞ ጋዝ ሲሆን 250 እጥፍ ያህል ይሰፋል። ስንት እንደቀረ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሞቅ ያለ (የፈላ ሳይሆን) ውኃ በጎኑ አፍስሱና መዳፋችሁን ከላይ ወደ ታች አንሸራቱ። ቅዝቃዜው የሚጀምረው የት እንደሆነ ለዩ፤ ፈሳሹ እዚያ ድረስ ነው።

ስትለኩሱ መጀመሪያ የግሪሉን ክዳን ክፈቱ። ክዳኑ እንደተዘጋ ጋዝ ከለቀቃችሁ ከሥሩ ተጠራቅሞ ክብሪቱን ይጠብቃል። ከዚያ ፊታችሁን ወደ ኋላ መለስ አድርጋችሁ የተለኮሰውን ክብሪት ወደ በርነሩ አስጠጉ፤ ማዞሪያው የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ቶሎ ካልያዘ ዝጉ፣ ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ሳይጠብቁ ደግሞ መሞከር አደጋ ያመጣል።

ማታ ስታጠፉ ሲሊንደሩን አስቀድሙ። ጎማው ውስጥ የቀረው ጋዝ ነድዶ ያልቃል። ከዚያ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ ዝጉ፤ አንዱ ክፍት ከቀረ ጠዋት ሲሊንደሩን የሚከፍተው ሰው ሳያውቅ ጋዝ ይለቃል።