የጨርቅ ዳይፐር ለመጀመር

ተገዝቶ የሚጣለው ዳይፐር ገበያውን ከመሙላቱ በፊት ያረጀ ነጠላና አንሶላ እየተቀደደ የሽንት ጨርቅ ይሆን ነበር። በመርፌ ቁልፍ ይያያዛል፣ ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ለተከታዩ ልጅም ይተርፋል። ችግሩ ሽንቱን የሚያግደው ነገር አለመኖሩ ነበር፤ እርጥበቱ ከሕፃኑ ልብስ አልፎ ያዘለችው እናት ጀርባ ድረስ ይዘልቃል።

ለዚህ መላ ያመጣው ከላይ የሚለበሰው ሽፋን ነው። በአብዛኛው ከፖሊስተር ይሠራና በአንድ በኩል ስስ የፖሊዩሬቴን ንጣፍ ይለጠፍበታል። ውሃ አያሳልፍም፣ እንደ ፕላስቲክ አይንኮሻኮሽም፣ ታጥቦም ደጋግሞ ያገለግላል። ወገቡ ላይ በተደረደሩት ቁልፎች እየጠበበና እየሰፋ ከልጁ ጋር ያድጋል።

ከጨርቅ ዳይፐሮች መካከል ኪስ ያለው አለ፣ መምጠጫውና ሽፋኑ አንድ ላይ የተሰፋም አለ። ለጀማሪ የምመክረው ግን ተጣጥፎ ሽፋን ውስጥ የሚገባውን የጥጥ ጨርቅ ነው። ርካሽ ነው፣ ተዘርግቶ ስለሚሰጣም በክረምት እንኳ ቶሎ ይደርቃል። ሽፋኑ ዓይነ ምድር ካልነካው ናፍሶ እንደገና ይለበሳል። አራስ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ስለሚቀየርለት፣ በየሁለት ቀኑ ለምታጥብ እናት ከ20 እስከ 24 ጨርቅና ከ4 እስከ 6 ሽፋን ይበቃታል። አዲስ ጥጥ የተፈጥሮ ቅባቱ እስኪለቅ በደንብ አይመጥም፤ ስለዚህ ከመጠቀም በፊት ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ለስልሶ ያረጀ የጥጥ አንሶላ ይህን አይፈልግም።

ብዙዎች «ያፈሳል» ብለው የሚተዉት ባለባበሱ ምክንያት ነው። የእግሩ ላስቲክ ጭኑ ላይ ሳይሆን ብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ በጣት ዙሪያውን መዳሰስ ነው፤ የጨርቁ ጫፍ በትንሹም ቢሆን ከሽፋኑ ከወጣ ሽንቱን ስቦ ወደ ልብሱ ያወጣዋል። ሆዱ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ። ቫዝሊንም አይብዛ፤ ጨርቁ ላይ ሲጣበቅ መምጠጥ ያቅተዋል።

አጠባው ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሕፃን ዓይነ ምድር አይጎዳም የሚል እምነት አለ፤ እውነቱ ግን እንደ አዋቂው ሁሉ በሽታ ሊያስተላልፍ መቻሉ ነው። ዓይነ ምድሩን መጸዳጃ ቤት ይድፉ፣ ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁ፣ ከዚያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥበው አረፋው እስኪጠፋ ደጋግመው ያለቅልቁ። እጅዎንም በሳሙና ይታጠቡ። የጨርቅ ማለስለሻ መምጠጡን ስለሚቀንስ ይቅር። ጥጡን መቀቀል ይቻላል፤ ሽፋኑ ግን ከተቀቀለ ንጣፉ ይላቀቃል፣ በረኪናም ላስቲኩን ይበላዋል። ጨርቁን ፀሐይ ላይ ያስጡ፤ ሳሙና ያላስለቀቀውን ቢጫ እድፍ ሳይቀር ታነጣዋለች። ሽፋኑን ጥላ ውስጥ ያድርቁ።

የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት የጨርቅ ዳይፐር ለአካባቢ ያለው ጥቅም የሚወሰነው በአጠባውና በማድረቁ መሆኑን አሳይቷል። በማድረቂያ ማሽን የሚደርቅ ከሆነ በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጫና ከሚጣለው ሊብስ ይችላል። ማጠቢያ ማሽኑ እየሞላ ሲታጠብ፣ ሁልጊዜ ውጭ ሲሰጣና ለሁለተኛ ልጅ ሲያገለግል ግን ጫናው በ40 በመቶ ይቀንሳል። ፀሐዩና ገመዱ እኛ ዘንድ ሞልቷል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ሸክሙ የሚወድቀው እናት ላይ ነው፤ ውሃ በሌለበት ቀን የሚጣለውን ዳይፐር ማድረግ ነውር የለውም። ቤት ያለ አባትም ሳፋው አጠገብ ይቀመጥ።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ አይግዙ። ሁለት ሽፋንና ጥቂት ጨርቅ ይዘው ቀን ቀን ቤት ውስጥ ይጀምሩ፤ እጅዎ ሲለምደው ሌሊቱንና መንገዱን ይጨምሩ።