ቤት ውስጥ ትል አገኛችሁ? ከመጣላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የላብራቶሪ ባለሙያ ስለሆንኩ የትል ፎቶ እየላኩ «ይሄ ምንድን ነው?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ቅርጹ፣ መጠኑና የተገኘበት ቦታ ብዙ ይናገራሉ።

🔹 አንሶላ ወይም የውስጥ ሱሪ ላይ የሚንቀሳቀስ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ከ1 እስከ 2 ሴ.ሜ የሚሆን ቁራጭ፦ በአብዛኛው የኮሶ ትል ነው። የሚይዘን ከጥሬ ወይም በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው። ቁራጩ ወጣ ማለት ትሉ አለቀ ማለት አይደለም፤ ዋናው አካሉ አንጀት ውስጥ ብዙ ሜትር ይረዝማል።

🔹 ድብልብል፣ ሁለቱም ጫፉ የሾለ፣ ከ15 እስከ 35 ሴ.ሜ፦ ወስፋት። እንቁላሉ በሰገራ ከተበከለ አፈርና ካልታጠበ አትክልት ይመጣል።

🔹 ማታ ልጁን መቀመጫው አካባቢ የሚያሳክከው፣ 1 ሴ.ሜ የሚሆን ቀጭን ነጭ ክር የሚመስል፦ ኢንትሮቢየስ። ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ ይታከማል።

🔹 መታጠቢያ ቤት ፍሳሽ ላይ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ጠቆር ያሉ ትሎች፦ በአብዛኛው የትንንሽ ዝንቦች እጭ ናቸው። የአንጀት ጥገኛ ትል አይደሉም፤ ቱቦውን ፈግፍጉት።

ምን ታደርጋላችሁ? ጓንት አድርጋችሁ ትሉን ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ክተቱት፤ ከማስመሪያ ጎን ፎቶ አንሱት፤ ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱ። ለወስፋት የሚታዘዘው አልቤንዳዞል ለኮሶ ትል የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም፤ ለእሱ የሚታዘዙት ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ናቸው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ትሉ ሳይለይ መድኃኒት በግምት አትግዙ።