የአማርኛ ድረ ገጽ ለምን አይነበብም?

የአማርኛ ድረ ገጽ ስንከፍት በፊደላቱ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ወይም ትርጉም አልባ የላቲን ምልክቶች ቢደረደሩ፣ ብዙዎቻችን ብራውዘር ለመለወጥ እንቸኩላለን። የሁለቱ ችግሮች ምክንያት ግን የተለያየ ነው።

ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በወጣው 3.0 እትሙ ለእያንዳንዱ ፊደላችን ቋሚ ቁጥር መድቧል፤ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው። ይህም ዩቲኤፍ-8 በተባለው ስልት በሦስት ባይቶች፣ ማለትም በ225፣ በ136 እና በ128 ተወክሎ ይጓዛል። ብራውዘሩ ስልቱን ከሳተ እያንዳንዱን ባይት እንደ ራሱን የቻለ ፊደል ስለሚያነብ፣ በአንዱ «ሀ» ፈንታ ሦስት ባዕዳን ምልክቶች እናያለን። ሣጥን ከታየን ግን ቁጥሩ በደኅና ደርሷል፤ የጎደለው የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፎንት ነው።

ስለዚህ አስቀድመን ገጹን በሌላ ብራውዘር እናመሳክር። በሁሉም ሣጥን ከታየ የግእዝ ፎንት እንጫን፤ በሁሉም ባዕድ ምልክት ከታየ ገጹ ስልቱን በትክክል አለመግለጹን እንጠርጥር። በአንዱ ብቻ ከተበላሸ፣ ያን ጊዜ ብራውዘሩን ማደስ ወይም መለወጥ ተገቢ ይሆናል።