ሞተሩን ከማውረድዎ በፊት ካምቢዮውን ይመልከቱ

አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ ያለው ሰው ጋራዥ ገብቶ «ጉልበት አነሳት» ካለ የሚሰማው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ቤንዚኑን አውጣና 1ኤችዜድ ግጠምባት፣ ትገላገላለህ።» ምክሩ መጥፎ አይደለም። ግን የሁለቱን ሞተሮች ቁጥር ጎን ለጎን ያየ ሰው ግር ይለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በእነዚህ ፒካፖች ላይ ይገጠም የነበረው 2ኤፍ የተባለው የቤንዚን ሞተር ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ 135 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። የናፍታው 1ኤችዜድም ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ጭነት የሚጎትተው ጉልበት፣ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይላቸው፣ ለሁለቱም 285 ኒውተን ሜትር ተብሎ ተጽፏል። የድሮው አለካክ ሞተሩን ከብዙ ተጨማሪ ዕቃዎቹ ነጥሎ ስለሚለካ 2ኤፍ በተግባር ከተጻፈለት ዝቅ ይላል። ቢሆንም ልዩነቱ ሰው እንደሚያስበው የሰማይና የምድር አይደለም።

ታዲያ 1ኤችዜድ አስገጥሞ «መኪናዬ ሌላ መኪና ሆነች» የሚለው ሰው ውሸቱን ነው? አይደለም፣ እውነትም ተለውጣለች። የለወጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ የገባው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ነው። ስለዚህ ሰዎች ስለ ሞተር ሲጠይቁኝ ወሬውን ከካምቢዮ መጀመር እወዳለሁ።

እዚህ ላይ የማወራው ስለ 45 ዓይነቱ ነው፤ ክብ መብራት ያላት፣ በአራቱም ጎማ ባሌስትራ ላይ የተቀመጠችው፣ ምርቷ በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የቆመው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ እንዲህ ያለችውን መኪና አድሶ መያዝ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ከ2ኤፍ ጋር በብዛት የሚገኘው ኤች42 የተባለው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ፣ በአንደኛ ማርሽ የሞተሩን ጉልበት 3.55 ጊዜ ያባዛል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የመጣው ባለ አምስት ማርሽ ኤች55ኤፍ ደግሞ 4.84 ጊዜ ያባዛል። ሞተሩ ያው፣ ዲፈረንሻሉ ያው፣ ጎማውም ያው ሆኖ ሲነሱ ጎማ ላይ የሚደርሰው ጉልበት በ36 በመቶ ያድጋል ማለት ነው። አሸዋ ጭና ዳገት ላይ ቆማ ለምትነሳ መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፍሪሲዮኑ ሳይሸት ትነሳለች። ያውም ሞተሩ ሳይነካ!

ከላይኛው ጫፍም ጥቅም አለ። በሁለቱም ካምቢዮዎች አራተኛው ማርሽ አንድ ለአንድ ነው፤ ኤች55ኤፍ ግን ከዚያ በላይ 0.845 የሆነ አምስተኛ አለው። ዲፈረንሻሉ 4.11 የሆነና 7.50-16 ጎማ የተጫማች መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በአራተኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,740 ዙር ይዞራል። በአምስተኛ 2,315 ገደማ ይበቃዋል። ልዩነቱ መጀመሪያ የሚታወቀው በጆሮ ነው፤ አዳማ ደርሰው ከመኪናው ሲወርዱ ጭንቅላትዎ ውስጥ የሚያጓራው ድምፅ አይኖርም። ነዳጁና የሞተሩ ዕድሜ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥቅም ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከዚሁ ቤተሰብ ኤች41 የሚባል ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ አለ፤ የእሱ አንደኛ 4.9 ስለሚሆን ቀድሞውንም ጉልበተኛ ነው። መኪናዎ እሱ ካለባት ከኤች55ኤፍ የሚያገኙት አምስተኛውን ማርሽ ብቻ ነው። የትኛው እንዳለብዎት ለማወቅ ካንዴላዎቹን ያስወልቁ፣ የፊት ጎማዎቹን በታኮ ያስይዙ፣ የኋላዎቹን ከመሬት አስነስተው መኪናዋን በቋሚ ድጋፍ ላይ ያሳርፉ። ከዚያ አንደኛ ማርሽ አስገብተው ሞተሩን በእጅ ያዙሩ። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ትራስሚሲዮን አንድ ዙር እስኪሞላ ሞተሩ ሦስት ተኩል ያህል ከዞረ ኤች42 ነው፤ ወደ አምስት ከተጠጋ ኤች41 ነው። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ብዙ ገንዘብ ያተርፋል። ቀደም ባሉት ዓመታት የተሠሩት ደግሞ ከነጭራሹ ሦስት ማርሽ ብቻ ነው ያላቸው፤ ለእነሱ ባለቤቶች ካምቢዮ መቀየር የሚያከራክር ነገር አይደለም።

ኤች55ኤፍ ከአሮጌው ይረዝማል። የኋላው ትራስሚሲዮን ማጠር፣ የፊተኛው መርዘም አለበት፤ ይህን ሠርቶ ሚዛኑን የሚያስተካክል ቶርኖ ቤት ቀድመው ያግኙ። ሚዛኑ ያልተስተካከለ ትራስሚሲዮን በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወለሉን ማንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ቀስ በቀስም ኩሽኔታ ይበላል። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ሳጥንም ከካምቢዮው ጋር የሚስማማው ዓይነት መሆን አለበት፤ ካምቢዮውን ለብቻው ነጥሎ የሚሸጥልዎት ሰው ይህን ላይነግርዎት ይችላል።

አሁን ወደ ሞተሩ። በእኛ አገር የሞተር ምርጫ ከባሕር ወለል ከፍታ ተለይቶ አይታይም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። ወረቀቱ ላይ 135 የተባለው የፈረስ ጉልበት እዚህ 105 አካባቢ ነው ማለት ነው። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጡ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። የቤንዚኑ ሞተር ካርቡራተር ለቆላ እንደተስተካከለ ከሆነ ጉዳቱ ድርብ ነው፤ ቤንዚኑ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል፣ ሞተሩ ይታፈናል። «ጉልበት አነሳት» ተብለው ጋራዥ ከሚገቡት መኪኖች ውስጥ ካርቡራተር ማስተካከልና ቫልቭ ማስለካት ብቻ የሚበቃቸው ስንት እንደሆኑ አስባለሁ።

ለዚህ ነው የመጀመሪያው ምርጫ ያለውን 2ኤፍ ማደስ የሚሆነው። ይህ ሞተር ቀርፋፋ ነው፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ግን ቻይ ነው። መኪናዋ በዓመት ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሄድ ከሆነች 2ኤፍ ታድሶ፣ ከኋላው ኤች55ኤፍ ቢገጠምለት ከሁሉም ርካሽና ከሁሉም ጥቂት ራስ ምታት ያለው መንገድ ነው። ብዙ የምትሠራ ከሆነች ሒሳቡ ይለወጣል። ጭኖ የሚሄድ 2ኤፍ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 1ኤችዜድ 8 ያህል ይሄዳል እንበል። በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር ለምትሄድ መኪና ልዩነቱ 750 ሊትር ነው። ይህን በዛሬው የነዳጅ ዋጋ ያባዙና ከሞተሩ ዋጋና ከማስገጠሚያው ድምር ጋር ያስተያዩት። ወጪው በስንት ዓመት እንደሚመለስ ወረቀቱ ራሱ ይነግርዎታል። ለ30,000 ኪሎ ሜትሩ ባለቤት መልሱ ግልጽ ነው፤ ለ5,000ው ግን ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ናፍታ ከተወሰነ 1ኤችዜድ የተሻለው ነው የምለው በኃይሉ አይደለም፣ በዘመዶቹ ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ይሠራል፤ በ75 ዓይነቷ ላንድክሩዘር ፒካፕና ከእሷ በኋላ በመጡት ላይ ተገጥሟል። ቴስታታው፣ ፋሻው፣ የናፍታ ፖምፓው ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ እጁ የለመደ መካኒክም በየክፍለ ሀገሩ አለ። በአሜሪካ የዚሁ መኪና አፍቃሪዎች ባለ ስምንት ሲሊንደር የሸቭሮሌት ሞተር ይገጥማሉ። እዚያ ያ ሞተር የትም ስለሚገኝ ትክክል ናቸው። እዚህ ያንኑ የገጠመ ሰው አንድ ጎሚኒ በተቀደደ ቁጥር ከውጭ ዘመድ ያስልካል።

ከ1ኤችዜድ ቀድሞ የነበረው 2ኤች፣ 4 ሊትር የሆነ ናፍታ፣ በፋብሪካው ለዚችው መኪና ተገጥሞ የወጣ ስለሆነ ያለ ብየዳ ይቀመጣል። ዝግተኛ ነው፣ ግን የማይሞት ሞተር ነው፤ ጥሩ ሆኖ ከተገኘ አልጠላውም። በሌላው ጫፍ ቱርቦ ያለው 1ኤችዲ-ቲ አለ፤ 160 የፈረስ ጉልበት የሚያልፍ፣ ደጋ ላይ የማይደክም። የመጀመሪያዎቹ ግን የቢዬላ ብሮንዚናቸው ቶሎ በማለቅ ይታወቃሉ፤ ሳያስከፍቱና ሳያስቀይሩ መንዳት ቁማር ነው። 1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ መጨመርም ይቻላል፣ ናፍታውን በልኩ ከያዙት። «ትንሽ ፖምፓውን ልክፈትልህ» የሚል ሰው ሲመጣ ግን ይጠንቀቁ። ናፍታ በበዛ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ያኔ ቴስታታው ይሰነጠቃል።

1ኤችዜድን ከመረጡ ሞተሩን ለብቻው አይግዙ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የነበረችው የ75ቷ ፒካፕ ሞተሩንና ኤች55ኤፍ ካምቢዮውን አንድ ላይ ይዛ ነው ከፋብሪካ የወጣችው። ጥንዱን ከአንድ መኪና ካገኙ ሁለቱን የሚያገናኘው ቤት፣ ቮላኖው፣ ፍሪሲዮኑ ሁሉ ተጣጥሞ ይመጣል። ለየብቻ የተገዙትን ለማገናኘት ቶርኖ ቤት የሚወጣው ገንዘብ ከርካሽ ዋጋው የተገኘውን ትርፍ ይበላዋል። ዲናሞውና ሞቶሪኖውም አብረው ይምጡ፤ ከቶዮታ ናፍታዎች መካከል በ24 ቮልት የሚሠሩ ስላሉ ሞቶሪኖው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ክፍያ አይፈጽሙ።

ያገለገለ ሞተር ሲታይ ቀዝቃዛ ሆኖ መታየት አለበት። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀዎት «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ይበሉ፤ የናፍታ ሞተር ድክመቱ የሚታወቀው ጠዋት ሲነሳ ነው። ተነስቶ ከሞቀ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው በቀዳዳው ላይ ያስቀምጡት፤ እንፋሎቱ ክዳኑን የሚያዘልለው ከሆነ ፋሻው አልቋል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱን ያሳያል። ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍታ ወይም ውኃ ነው። ራዲያተሩ ላይ አረፋ የሚያስነሳውን ሞተር ዋጋውን ሳይጠይቁ ይተዉት። 1ኤችዜድ ታይሚንጉን የሚያዞረው ቀበቶ ነው፤ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሻጭ እምብዛም አይገኝም፣ ስለዚህ መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት አዲስ ይደረግለት።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ማንም በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ የማይቆጥረው ነው። የናፍታ ሞተር ፍሬን የሚያቀለውን የአየር ስበት ራሱ አያመነጭም፤ የቫኪዩም ፖምፓ ያስፈልገዋል። እሱ ከተረሳ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ፍሬኑም ራሱ ይታሰብበት። ቀደምቶቹ መኪኖች በአራቱም ጎማ ታምቡር ፍሬን ነው ያላቸው፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ደግሞ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። የሞቀ ታምቡር ቀስ በቀስ መያዝ ይተዋል። የፊቱን በዲስክ ማስቀየር ከቱርቦ በፊት የሚመጣ ወጪ ነው ባይ ነኝ። ቤንዚን የነበረበት ታንከር ታጥቦ፣ ከሞተሩ ትርፍ ናፍታ የሚመለስበት መስመር ተጨምሮ፣ ውኃ የሚለይ ፊልትሮ ይገጠምለት። ራዲያተሩ የ1ኤችዜድ ልክ ይሁን፤ ሚሌ ሙቀት ውስጥ ጭነት ይዞ የቆመ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ሞተሩ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ የፊት ዲፈረንሻሉ ጉድጓድ ሲመታ ወደ ላይ የሚነሳበትን ክፍተት ያስለኩ፤ ከዘይት ቋቱ ጋር የሚጋጭ ከሆነ የሚታወቀው በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ነው።

የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው። ስለዚህ ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳየው ሰነድ ከሞተሩ ጋር በእጅዎ ይግባ፤ ለውጡ ሳይመዘገብ ለቦሎ ምርመራ ከቀረቡ መኪናዋ ልትቆም ትችላለች። ሰነድ የሌለውን ሞተር በግማሽ ዋጋም ቢሆን አልገዛውም።

የወጣውን 2ኤፍ ቶሎ አይሽጡት። ዘይት ሞልተው፣ ቀዳዳዎቹን ደፍነው፣ በጣውላ ላይ ያስቀምጡት። አዲሱ ሞተር አንድ ክረምትና አንድ በጋ ጭነት ሳይሞቅበትና ሳያፈስ ካለፈ ያኔ ይወስኑ። እነዚህ መኪኖች በውጭ አገር በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋሉ፤ ሻንሲዋና ሞተሯ ከፋብሪካ አብረው የወጡ ሲሆኑ ደግሞ ዋጋቸው ይለያል። ምናልባት አንድ ቀን ልጅዎ መልሶ ሊገጥመው ይፈልግ ይሆናል።